መኪናዋስ አማረባት፤ የቀቢው ሳንባስ?

ለመሆኑ ይህቺን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ምን ታደርጓታላችሁ? አንዳንዶቻችሁ ለጎረቤት ታውሷታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ቆሎ ትጠቀልሉባታላችሁ፡፡ እኔ የማውቀው ግን ሌላም የታመነ ደንበኛ አላት፡፡ መኪና ቀለም ቀቢ! እስቲ ወደ አንዱ ጋራዥ ጎራ በሉ፡፡ ቀለም እንዳይነካው የተፈለገው መስታወት፣ መብራትና ጎማ ሁሉ ጋዜጣ ለብሶ ታገኙታላችሁ፡፡ "ባለቤቴ ያለ ምክንያት እየቀናብኝ ተቸግሬአለሁና ምከሩኝ" የምትለው ደብዳቤ ከነመልሷ የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፋ፣ ግማሽ ፊቷን ነጭ ቀለም በልቷታል፡፡ ሴትየዋ ምን እንደተመከረች ለማወቅ ቀለሙን መፋቅ ሊኖርባችሁ ነው፡፡

ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ቀለም ነው፡፡ መኪናን እቤት፣ ግቢ ውስጥ ስለመቀባት፡፡ "ይሄ የጋራዥ ሰው ወሬ ነው" ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፡፡ መኪና ባይኖራችሁም ከአጥሩ ማዶ የሚቀባ ጎረቤት አታጡም፡፡ ቀለሙ ባይደርሳችሁ ሽታው ይደርሳችኋል፡፡

ይኸውላችሁ፣ የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው፡፡ ሶዶ የመንገድ ከተማ ናት፡፡ በሁምቦ በኩል አርባ ምንጭ፣ በአረካ በኩል ሆሳዕና፣ በቦዲቲ በኩል ሻሸመኔ፣ በበሌ በኩል ዳውሮ ይኬዳል፡፡ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነችና መኪናውም ባጃጁም በዛ፡፡ ታዲያ ከአስፋልቱ ወረድ ስትሉ የሚቀበላችሁ ቀዩ አፈር ነው፡፡ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፡፡ ጎማው የሚያስፈነጥረው ጠጠር የበሩን ታችና የፓራፋንጎውን ጠርዝ እየጠቀጠቀ ቀለሙን ይገምሰዋል፡፡ ከፓራፋንጎው ሥር የተጠራቀመው ጭቃ ደግሞ እርጥበቱን እንዳቀፈ ይከርማል፡፡ ከላይ አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ነቁጥ አይታችሁ "ምንም አይደል" ትላላችሁ፤ ዝገቱ ግን ከውስጥ ሆኖ ላሜራውን ሲግጠው ሰንብቷል፡፡

የኔዋ መኪና ኮሮላ ዲኤክስ ናት፡፡ ዲኤክስን የማያውቅ ያገሬ ሰው አለ ብዬ ስለማልገምት አላስተዋውቃትም፡፡ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ከኔ በፊት ስንቱን ያሳለፈች ባልቴት ናት፡፡ "ለምን አትቀይራትም?" የሚለኝ አይጠፋም፡፡ በምን ልቀይራት! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ፡፡ ስለዚህ ያለችህን አሮጌ ማቆላመጥ ነው፡፡ ዛሬ ባገራችን አሮጌ መኪና እንደ ርስት ነው፤ አይሸጥ አይለወጥ፣ እየተጠገነ ለልጅ ይወረሳል፡፡

እናላችሁ፣ አንድ መስከረም ማለቂያ ላይ፣ የጊፋታ ሰሞን፣ ጭነት ያበዛ ባጃጅ መጣና ዲኤክሷን ከግራ ፓራፋንጎዋ እስከ ፊት በሯ ድረስ ሞዠቃት፡፡ ልጁ ወርዶ ራሱን ያዘ፡፡ "ጋሼ በናትህ፣ ባጃጇ የኔ አይደለችም፣ የሰው ናት!" አለ፡፡ ሰው ተሰበሰበ፡፡ ጊፋታ ደግሞ የወላይታ ዘመን መለወጫ ብቻ አይደለም፤ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ቂም ወደ አዲሱ ዓመት የማይሻገርበት በዓል ነው፡፡ በዚያ ሰሞን ማን አጥር ይዞ ይሟገታል? ይቅር አልኩት፡፡ ይቅርታ ግን ላሜራ አያቃናም፡፡

ጋራዥ ወስጄ አስገመትኩ፡፡ የተጠየቅኩትን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ገጽ ታነባለች፡፡ ደሞዜን ከነትርፍ ሰዓቱ ውጦ እንደማይጠግብ ብቻ እወቁልኝ፡፡ ጋራዦቹንም አልፈርድባቸውም፡፡ ቀለሙም፣ ቲነሩም፣ የብርጭቆ ወረቀቱም አብዛኛው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ቀለም ቤት ገብቶ ሳይደነግጥ የወጣ ሰው አላየሁም፡፡

"ጋሼ፣ ምን አስጨነቀህ? እቤት እኔ እቀባልሃለሁ" አለኝ የእህቴ ልጅ፡፡

ይህ ልጅ ከኛ ጋር ነው የሚኖረው፡፡ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፡፡ ታላቅ እህቴ ቦዲቲ አካባቢ ገጠር ናት፤ ልጇን "ሙያ ይያዝ" ብላ ነው የሰጠችን፡፡ አንድ ጋራዥ ገብቶ መጀመሪያ አጣቢ፣ ቀጥሎ ፈጋጊ፣ በኋላ ቀለም ረጪ ሆነ፡፡ እጁ የተባረከ ነው፡፡ ጌቶቹ ሳይቀሩ ለከባዱ ሥራ እሱን ይጠራሉ፡፡ ከደሞዙ ግማሹ ቦዲቲ ይሄዳል፤ የታናናሾቹ ደብተርና ጫማ ከዚያ ነው፡፡

እቤት መቀባት እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፡፡ ቀለም መርጨት የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ናት፤ የቀረው ሁሉ ፍግፈጋ ነው፡፡ መጀመሪያ የተጨራመተው ላሜራ ከውስጥ በመዶሻ እየተመታ ይቃናል፡፡ ይህ የባትላሜራው ድርሻ ነው፡፡ ከዚያ ዝገቱ እስኪያበራ ይፈገፈጋል፤ ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን መደበቅ እንጂ ማስቆም አይችልም፡፡ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" የተባለው ለሽምግልና ብቻ አይደለም፡፡ ቀጥሎ ስቱኮ ይለጠፋል፡፡ ስቱኮ ላይ ልጁ ቁጡ ነው፡፡ "ጋሼ፣ ስቱኮ ቅባት ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም" ይላል፡፡ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ፀሐይና ንዝረት ይሰነጥቀዋል፡፡ መዶሻ የሰነፈ ሰው ግን ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ ያስተካክልና፣ ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ይሆናል፡፡

መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፡፡ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፡፡ ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉና ገላዋ ላይ አስኪዱት፡፡ ላሜራ ይስበዋል፤ ስቱኮ የተሞላ ቦታ ግን አይስብም፤ ማግኔቱ ዱብ ይላል፡፡ ደላላው ያኔ የሚያወራውን ወሬ አትስሙ፡፡

ስቱኮው ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፡፡ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሻካራ ነው፡፡ ከ80 ተነስቶ በ180 እና በ240 እያለ ይወርዳል፡፡ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ይፈገፍጋል፤ ይሄ ስህተት ነው፡፡ ስቱኮ ውሃ ይመጣል፤ የመጠጠውን ውሃ ቀለም ከድኖበት ሲቀመጥ ከስር አዲስ ዝገት ይወልዳል፡፡ ውሃ የሚመጣው መሠረቱ ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ በ600 እና በ800 ሲለሰልስ ነው፡፡

አቧራውም ነገር አለው፡፡ የድሮ ቀለም፣ በተለይ ቀዩና ቢጫው፣ እርሳስ ይኖርበታል፡፡ እርሳስ ደግሞ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፡፡ በ2010 ዓ.ም. በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ አገራችን አውጥታለች፤ የኔዋ ዲኤክስ ግን ከደንቡ ሠላሳ ዓመት ቀድማ የተቀባች ናት፡፡ ስለዚህ ፍግፈጋው ላይ ልጆችም ዶሮዎችም ከአካባቢው ይራቁ፤ አቧራው ተጠርጎ ይጣል እንጂ ጎመን መደብ ላይ አይበተን፡፡

ፍግፈጋው አልቆ ለመርጨት ስንዘጋጅ ሰማዩ እምቢ አለ፡፡ የሶዶን ሰማይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፡፡ ክረምቱ ወጣ ተብሎም ዳሞታ ተራራ ጉም ይጎናጸፍና ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል፡፡ ናይትሮ የሚባለው ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም እርጥበት ጠላቱ ነው፡፡ ቲነሩ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እላዩ ላይ ጤዛ ይሆንበታል፤ ቀለሙም ወተት እንደፈሰሰበት ይፈዛል፡፡ ስለዚህ ኅዳር ይግባ ተባባልን፤ ልጁም እስከዚያው ጋራዡ እየዋለ ማታ ይመጣል፡፡

ያኔ ነው ነገሩ የመጣው፡፡

ልጁ ሌሊት ይስላል፡፡ ደረቅ ሳል ነው፤ ያፍናል፣ ደረቱ ያፏጫል፡፡ እኔ የብርድ ነው ስል፣ ባለቤቴ ግን አልተቀበለችም፡፡ ሴት ልጅ ጆሮዋ ሌላ ነው፡፡ "አንተ ሰውዬ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብሶበት እሁድ ማታ ድርግም የሚል ብርድ አይተህ ታውቃለህ? ይሄ ብርድ ሳይሆን ሥራ ነው!" አለችኝ፡፡ ልብ ብዬ ስከታተል እውነቷን ነው፡፡ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ይዘፍናል፣ ይቀልዳል፡፡ ሰኞ ማታ ትንሽ ይስላል፡፡ ሐሙስ ሌሊት ቁጭ ብሎ ያነጋል፡፡ በጊፋታ ለሳምንት ቦዲቲ የሄደ ጊዜ ደግሞ ሳል የሚባል አልነበረበትም፡፡

በዚሁ ሰሞን ልጁ ከጋራዥ አንዲት ባዶ ቆርቆሮ ይዞ መጣ፡፡ ክዳኗ የሚሽከረከር፣ አንገቷ ያማረ ናት፡፡ ባለቤቴ ለላምባ ማስቀመጫ ተመኘቻት፡፡ ከመታጠቧ በፊት መነጽሬን አድርጌ ጽሑፏን አነበብኩ፡፡ የቀለም ማጠንከሪያ፣ እነሱ "ሃርድነር" የሚሉት፣ የነበረባት ናት፡፡ ሳትተነፍሱት እንድትጠነቀቁ በአራት ቋንቋ ተጽፏል፤ ከአራቱ አንዱ አማርኛ አይደለም፡፡ ከተጻፉት ውስጥ አንዱ ቃል "አይሶሳያኔት" ይላል፡፡

ይህን ቃል ያዙልኝ፡፡ ዛሬ በየጋራዡ የሚረጨው አንጸባራቂ ቀለም ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ቀለሙ ለብቻ፣ ማጠንከሪያው ለብቻ ይመጣና በሚረጭበት ሰዓት ይደባለቃል፡፡ እንደ ድንጋይ የሚያጠነክረው፣ ቤንዚን ቢፈስበት የማያስለቅቀው ይኸው አይሶሳያኔት ነው፡፡ ላሜራው ላይ ከደረቀ በኋላ ጣጣ የለውም፡፡ ጣጣው ሲረጭ፣ ጉም ሆኖ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ነው፡፡ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የአንዳንዱን ሰው ሰውነት ያስቆጣዋል፤ አንዴ ከተቆጣ ደግሞ አይረሳም፡፡ ከዚያ በኋላ ጥቂት እንኳ ቢሸተው ደረቱ ይዘጋል፡፡ በእንግሊዝ አገር ከሥራ ቦታ ለሚመጣ አስም ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ተብሎ የታወቀ ነው፤ ታማሚዎቹም በብዛት መኪና ቀቢዎች ናቸው፡፡ በፈረንጆች 1984 ሕንድ አገር ቦፓል ላይ በአንድ ሌሊት ሺዎችን የፈጀው ጋዝ የዚህ ቤተሰብ ነው፡፡ ዘመዱ እንጂ ራሱ አይደለም፤ በቀቢ ላይ እንደዚያ በአንዴ አይጨክንም፡፡ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፡፡

(የስቱኮው ማጠንከሪያ፣ ያቺ የጥርስ ሳሙና የመሰለችው ቱቦ፣ ሌላ ነገር ናት፡፡ አታደናግሩ፡፡ እሷም እጅና ዓይን ታቃጥላለች እንጂ ይህን አታደርግም፡፡)

"ጭምብል አታደርጉም ወይ?" አልኩት፡፡ ከኮሮና ጊዜ የተረፈች የጨርቅ ማስክ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፡፡ ሲብስ ፎጣ አርጥቦ ያስራል፡፡ ጉሙ እኮ በጨርቅ የሚያልፈው እንደ ውሃ በወንፊት ነው! የከሰል ማጣሪያ ያለው የጎማ ጭምብል ለቲነር ሽታ ይረዳል፤ ለአይሶሳያኔት ግን አስተማማኝ አይደለም፡፡ ማጣሪያው ማለቁን የሚያሳብቅ ሽታ የለውምና ሰውየው ሳያውቀው ይተነፍሰዋል፡፡ ባደጉት አገሮች ረጪው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ጭምብል ለብሶ፣ አየር በሚስብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው፡፡ እኛ ጋ ክፍሉ በሸራ የተጋረደ ጥግ ነው፡፡ ሸራው የሚጋረደውም ለቀለሙ ታስቦ ነው፤ አቧራ እንዳያርፍበት!

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፡፡ ሐኪሙ ጎበዝ ነው፡፡ ደረቱን ከማዳመጡ በፊት "በሳምንት ውስጥ የሚሻልህ ቀን አለ?" ብሎ ጠየቀው፡፡ ባለቤቴ ይህን ስነግራት ለሦስት ቀን ኮራችብኝ፡፡ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠውና "መድኃኒቱ ያስተነፍስሃል፤ ግን ከዚያ ጉም ካልራቅህ እየባሰ ነው የሚሄደው" አለው፡፡ ልጁ መሬት መሬቱን እያየ "ዶክተር፣ ወተት እየጠጣሁ ብሠራስ?" አለ፡፡

ወተት! ባገራችን ቀለም ቀቢ፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ባትሪ የሚሠራ ሁሉ ወተት ይጠጣል፡፡ "ያጥባል" ይባላል፡፡ ምኑን? ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ቀለሙ የገባው ሳንባ ነው፡፡ ሁለቱ አይገናኙም፡፡ ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ማንም አይጠላውም፤ ግን ጠዋት አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ "ታጥቤአለሁ" ብሎ ያለ ጭምብል ለሚገባ ልጅ ወተቱ ጠላቱ ሆነበት፡፡ አሠሪውም የወተት ከሰጠ የጭምብል ዕዳ የወጣለት ይመስለዋል፡፡

ነገሩ የከበደኝ ግን ሌላ ቦታ ነው፡፡ እህቴ ልጇ ቀለም ረጪ መሆኑን ከሰማች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ወተት ትልካለች፡፡ አንዲት ላም ናት ያለቻት፡፡ ከታናናሾቹ አፍ ነጥላ፣ ጀሪካኗን በእንሰት ቅጠል ከድና፣ ሾፌሩን "እንዳይደፋብህ" እያለች ነው የምትልከው፡፡ በስልክ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፡፡ "ወተቱን ይጠጣል?" "ይጠጣል፡፡" "እንግዲያው ምንም አይሆንም፡፡" ለዚህች ሴት "ወተትሽ አይሠራም" ብሎ የሚነግር ማን ነው?

ወደ መኪናዋ እንመለስ፡፡ ባለቤቴ ቁርጧን ተናገረች፡፡ ሃርድነር የሚባል ከዚህ ግቢ በር አያልፍም፣ ልጁም ሽጉጥ አይዝም፡፡ ተከራይዋ አራስ ናት፤ አጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ልብሳቸውን ያሰጣሉ፡፡ ሕጉ ጸደቀ፡፡ ባለ አንድ ክፍሉን ናይትሮ መረጥን፡፡ ይህ ያለ ማጠንከሪያ ቲነሩ ሲተን ብቻ የሚደርቅ ቀለም ነው፡፡ በፈረንጆች 1920ዎቹ ዱፖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ዱኮ" በሚል ስም ለመኪና ሲያወጣው ተአምር ተብሎ ነበር፡፡ ከዚያ በፊት አንዲት መኪና ተቀብታ እስክትደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበርና፡፡ ናይትሮ እንደ ሃርድነሩ አይጠነክርም፤ ቤንዚን ቢነካው ይለቃል፤ በየጊዜው መወልወል ይፈልጋል፡፡ ግን እቤት ለመቀባት ከሁለቱ እሱ ይሻላል፡፡ ከመርጨታችሁ በፊት ታዲያ በቲነር የራሰ ጨርቅ ወስዳችሁ የድሮውን ቀለም በማይታይ ቦታ እሹት፡፡ ከተኮማተረ ናይትሮው እላዩ ላይ ቢረጭ ሁሉንም ያነሳዋልና በቅድሚያ መፋቅ አለበት፡፡

ቀለሙን ለማመሳሰል የሞተሩን ክፍል ከፍታችሁ የቀለም ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ሳህን ፈልጉ፡፡ ግን ቁጥሩ ፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ነጭ ነው የሚነግራችሁ፤ አርባ ዓመት ፀሐይ የመታው ነጭ ሌላ ነው፡፡ አጎራባቹን ላሜራ በደንብ ወልውላችሁ ከእሱ ጋር ነው የምታስተያዩት፡፡ ቀለሟን ጨርሶ መቀየር የምትፈልጉ ደግሞ ሊብሬው ላይ ቀለም መጻፉን አትርሱ፡፡ ከመቀባታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ፤ አለዚያ ቦሎ ስትሄዱ "ይቺ መኪና የማን ናት?" ትባላላችሁ፡፡

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ጀመርን፡፡ ያዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያዘኛል፡፡ መሬቱን ውሃ ረጨንበት፤ አቧራው እንዲተኛ፡፡ ላሜራውን በሳሙና አጥበን በቲነር ጠረግነው፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም፡፡ ወላይታ ደግሞ የቅቤ አገር ነው! "ሳሮ" እያሉ የገቡት እትዬ፣ ፀጉራቸውን ቅቤ እንደተቀቡ፣ "እስቲ ልየው" ብለው መዳፋቸውን በሩ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ልጁ ከወንበሩ ዘሎ "እትዬ፣ በእግዜር!" ብሎ ጮኸ፡፡ ቅባት የነካው ቦታ ላይ ቀለም አይያዝም፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል፡፡ የኮምፕሬሰሩም ታንክ ከስሩ ያለችው ቧንቧ ተከፍታ ውሃው መፍሰስ አለበት፤ በሶዶ እርጥበት ሳይፈስ ከቀረ ቀለም ውስጥ ውሃ ትረጫላችሁ፡፡

"ጋሼ፣ እጅህን እንደ ጽና አታወዛውዘው! ቀጥ አድርገህ ሂድ፡፡ አንድ ስንዝር ራቅ በል፡፡ ግማሹ ግማሹ ላይ ይደረብ፡፡ ስስ! ስስ! አሁን ቁም፤ ሩብ ሰዓት ይንፈስበት" ይላል ልጁ፡፡ ወፍራም ከተረጨ ቀለሙ ያለቅሳል፤ እንባው ደርቆ ይቀራል፡፡

መሐል ላይ መብራት ሄደ፡፡ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም፡፡

ባለቤቴ በዚያን ቀን ቡና አላፈላችም፡፡ ይሄን በቁም ነገር ነው የማነሳው፡፡ የቲነር እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ አይበንም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል፡፡ አሥር እርምጃ ርቆ የተቀመጠ የቡና ከሰል ዘንድ ደርሶ እሳቱን ይዞ ይመለሳል፡፡ ከሰል፣ ላምባ፣ ሲጋራ፣ ሁሉም ከግቢ ይውጣ፡፡ አያድርገውና ቲነር ቢቀጣጠል ውሃ አትድፉበት፤ እሳቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይስፋፋል፡፡ አፈር ወይም አሸዋ አልብሱት፡፡ እኛ አንድ ባልዲ ቀይ አፈር አስቀምጠን ነበር፤ እግዜር ይመስገን ለአበባ መትከያ ሆነ፡፡ የኔም አፍንጫ የከሰል ማጣሪያ ባለው ጭምብል ተሸፍኖ ነበር፤ የተገዛውም ጋራዥ ሄጄ ብሆን ከምከፍለው በጣም ባነሰ ዋጋ ነው፡፡

ከሳምንት በኋላ ወለወልናት፡፡ በሯ ከፓራፋንጎዋ ትንሽ ነጣ ትላለች፤ ጎንበስ ብሎ ያላየ አያውቅም፡፡ አንድ ወዳጄ መጥቶ ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ አስኬደባት፡፡ ያዘ፡፡ ልጁ ይህን ሲያይ የሳቀውን ሳቅ ብታዩት!

ልጁ ለጋራዡ ባለቤት "መርጨት ትቼ ባትላሜራ ልሁን" አለው፡፡ ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በመጨረሻ "ደሞዝህ ይቀንሳል" አለ፤ ቀነሰም፡፡ ጎደሎውን እኔና ባለቤቴ የምንችለውን ያህል እንሞላለን፤ የታናናሾቹ ጫማ ዘንድሮ አንድ ወር ዘግይቷል፡፡ አሁን መዶሻ ይዞ ነው የሚውለው፡፡ ሸራው ውስጥ ሲረጭ እሱ በሩ ጋ ወጥቶ ይቆማል፤ ያም ሆኖ ነፋሱ ሲዞርበት ማታውን ይስላል፡፡ ከጋራዡ ጨርሶ ይውጣ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ገና ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም፡፡ እሷ ይውጣ ባይ ናት፡፡ ልጁ ደግሞ አሁንም የተቀባ መኪና ሲያልፍ ቆሞ ያያል፤ "ሦስተኛው ድርብ ላይ ቸኩሏል" ይላል፡፡

በእሱ ቦታ አዲስ ልጅ ገብቷል፡፡ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው አሉ፡፡ ጭምብሌን ላክሁለት፡፡ ለሃርድነሩ እንደማይበቃ ነግሬዋለሁ፤ ካለ ምንም ግን ይሻላል፡፡

እህቴ ጋ በገና ሄድኩ፡፡ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ የሥራውን መለወጥ፣ የደሞዙን ነገር፡፡ ስለ ወተቱ ስደርስ ላሟን ልታስገባ ተነሳች፤ እኔም ዝም አልኩ፡፡ ቅዳሜ ጀሪካኗ እንደ ወትሮው መጣች፤ ይህን ስጽፍ ባለቤቴ እርጎ አድርጋው ልጁ ሁለተኛ ብርጭቆውን ይዟል፡፡